መርዝና መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ጋዝ ነው። ከሰል፣ እንጨት ወይም ነዳጅ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። በትንፋሽ ከገባ በኋላ የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዘዋል፤ ደሙ እንደ ወትሮው ቀይ ሆኖ ይፈስሳል፣ አንጎልና ልብ ግን ኦክስጅን ይራባሉ። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ በተዘረጋችው ሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ባለችው ሰበታና በአምቦ መንገድ በምትገኘው ቡራዩ፣ እንደ አዲስ አበባው ሁሉ፣ ይህ ጋዝ ከሰው ቤት የሚገባው በከሰል ምድጃ ነው። ክረምት ሲገባ ወይም ኅዳር ላይ ውርጩ ሲበረታ ምድጃው ደጅ ላይ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ ይገባል። የኪራይ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የበሩ ሥር ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። ጭስ ስለማይታይ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ከዚያው ከቀላው ፍም መውጣቱን አላቆመም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል። ድካሙ ከተራ እንቅልፍ ስለማይለይ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ያሸልባል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በብርድ ወራት ስለ ከሰል ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጋዝ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ለነበሩ ሕሙማን ሆን ብለው እንደሰጡ አሳተሙ። ሕሙማኑ 12 ሲሆኑ ሁሉም ሳንባቸው ከኢንፌክሽን በሚነሣው ሴፕሲስ በተባለ ሕመም የተጎዳ ነበር። ከፊሎቹ ጋዝ የሌለበት ተራ አየር፣ ሌሎቹ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 100 ወይም 200 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ በቀን እስከ 90 ደቂቃ፣ እስከ አምስት ቀን ድረስ ተነፈሱ። በደማቸው ውስጥ ያለው ጋዝ ከ10 በመቶ በታች እንዲቆይ ያለማቋረጥ ይለካ ነበር። ሙከራው የጠየቀው ይህን ማድረግ ጉዳት አያመጣም ወይ የሚለውን ብቻ ሲሆን፣ በዚያ መጠን ሕሙማኑ ጋዙን ችለውታል። ያድናል ወይ የሚለው ገና አልተመለሰም።

አንዱን ቤተሰብ በእንቅልፍ የሚጨርስ ነገር ለሌላው በልክ ሲሰጥ ለመድኃኒትነት መታሰቡ ከሕክምና አልፎ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ ያስነሳል። ክፋት በነገሩ ውስጥ ያለ ባሕርይ ነው ወይስ በሌላ ቦታ የሚገኝ? ነገሩ ክፉ ከሆነ በልክ ሲሰጥ በምን ሊጠቅም ይችላል? በጎ ከሆነስ በሱሉልታ በከሰል ሌሊት የሚደርሰው ጥፋት የማን ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም የሴፕሲስና የሳንባ ሕክምና የሚያቀርበው ማስረጃ ከጥንቶቹ ምሳሌዎች ይልቅ ጠለቅ ብሎ ያስኬዳል።

ሴፕሲስ በተለምዶ የደም መመረዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ሐኪሞች የተስማሙበት ትርጓሜ ግን መርዙን ሳይሆን የሰውነትን ምላሽ ይመለከታል፤ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከሥርዓት ወጥቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሲያጠፋ ነው። በሳንባ ምች፣ ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን ወይም በአራስ ሕፃን እትብት ሊጀምር ይችላል። በ2017 በዓለም 48.9 ሚሊዮን ሰዎች እንደያዛቸው፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል፤ በዚያ ዓመት ከሞቱት የዓለም ሰዎች አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ከውጭ የመጣው ተህዋስ ብቻ አይደለም። ሌባ ለማባረር ብሎ ቤቱን በእሳት የሚለቅ ዘበኛ ቢኖር የሰውነት መከላከያ በሴፕሲስ ጊዜ የሚያደርገውን ያደርግ ነበር።

ከሁሉ በፊት የሚጎዱት የደም ሥሮች ናቸው። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ከአንድ ረድፍ ሴሎች የተሠራ ስስ ነገር ነው፤ ሥሩ እንዲጠብ ወይም እንዲሰፋ፣ ፈሳሽ እንዲያልፍ ወይም እንዲታገድ የሚያደርገው እሱ ነው። በሴፕሲስ ጊዜ ሽፋኑ ያፈስሳል፤ በሳንባ ውስጥ አየር መያዝ የነበረባቸው ትንንሽ ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ። በተቀረው አካል የደም ሥሮች ከልክ በላይ ሰፍተው የደም ግፊት ሲወርድ፣ የሳንባ ደም ሥሮች ደግሞ በተቃራኒው ይጠባሉ፤ የልብ ቀኝ ክፍልም በጠበበ በር ደም ሲገፋ ይደክማል። አንድ በሽታ በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ጥፋት ያደርሳል፤ እዚህ የጎደለው እዚያ ተርፎ ይፈስሳል።

የዚህ ሁሉ መካከለኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። በከተማ የመኪና ጭስ ውስጥ አለ፤ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድም ሳንባን የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይሆናል። ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በአየር ብክለትነቱ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ የደም ሥር ሽፋን ራሱ ይህን ጋዝ እየሠራ የደም ሥርን ጡንቻ እንደሚያላላ ተደረሰበት፤ ለዚህ ግኝት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በቦስተን ዋረን ዛፖልና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነሥተው ጋዙን በትንፋሽ መስጠት ጀመሩ። ብልኃቱ በቦታ ምርጫ ላይ ያረፈ ነው። በትንፋሽ የገባው ጋዝ የሚደርሰው አየር ወደሚገባባቸው የሳንባ ክፍሎች ብቻ ነው፤ እዚያ ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ወደ ደም ሲሻገር ደግሞ ሄሞግሎቢን ወዲያው ይይዘውና ሥራውን ያስቆመዋል። ስለዚህ የተቀረው የሰውነት የደም ግፊት አይወርድም። በ1999 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋዙን ሲወለዱ የሳንባቸው የደም ሥሮች ላልተከፈቱላቸው አራስ ሕፃናት ፈቀደ። የተለመደው መጠን ከሚሊዮን 20 እጅ ነው፤ ለእነዚህ ሕፃናት ጥቅሙ ግልጽ ነበር።

ለአዋቂዎች ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ሳንባቸው በከባድ ሁኔታ ለተጎዳ ሕሙማን ሲሰጥ የደማቸው ኦክስጅን ለአንድ ቀን ያህል ይሻሻላል፣ የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። በ2004 ውጤቱ የወጣ በ385 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራም ይህንኑ አሳይቷል፤ የኋላ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ደግሞ የኩላሊት ጉዳት ስጋት ጨመረ። በኡጋንዳ በከባድ ወባ ለተያዙ ሕፃናት በ2010ዎቹ ተሞክሮ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ወባው የሚያፈነዳቸው ቀይ የደም ሴሎች የሚለቁት ሄሞግሎቢን የሰውነትን ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀመ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብባቸው፣ የጎደለውን በትንፋሽ መተካት ይቻላል የሚል ነው። ጋዙን በዚያ ባሉ ሆስፒታሎች መስጠት ተቻለ፤ የተጠበቀው ጥቅም ግን አልታየም። የደም ሥር ሽፋንን በትንፋሽ ጋዝ የመጠበቅ ተስፋ እስካሁን ያለው በዚህ ደረጃ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚናገር ሁሉ ካለው ማስረጃ ቀድሞ እየሮጠ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ተቃራኒው ሙከራ ለፍልስፍናው ጥያቄ የበለጠ ያስተምራል። በሴፕሲስ ጊዜ ሰውነት ናይትሪክ ኦክሳይድን ከመጠን በላይ እንደሚያመርትና የደም ግፊት የሚወርደው በዚህ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ፣ ሐኪሞች ምርቱን የሚያቆም መድኃኒት አዘጋጁ። ጥፋተኛው ታውቋል፣ ጥፋተኛውን ማስወገድ ብቻ ይቀራል ተባለ። 797 ሕሙማን የገቡበት ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ የደም ግፊታቸውም እንደታሰበው ወጣ። ነገር ግን በ28 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 59 በመቶ፣ ካልወሰዱት 49 በመቶ ሞቱ፤ ሙከራው ሳያልቅ ተቋረጠ፣ ውጤቱም በ2004 ታተመ። ክፉ የተባለው ጋዝ ያለ ልዩነት ሲታፈን፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ይሠራ የነበረው በጎ ሥራም አብሮ ታፈነ።

ክፋትን በአንድ ነገር ላይ መለጠፍ በሃይማኖት ታሪክም የቆየ ፈተና ነው። ማኒካውያን የተባሉት የጥንት ሃይማኖተኞች ቁስ ዓለም ከክፉ ምንጭ የተገኘ ነው ይሉ ነበር። የክርስትና ሊቁ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ከእነርሱ ጋር ነበረ፤ በኋላ ግን ክፋት የራሱ ህላዌ የለውም፣ የበጎ ነገር መጉደል ነው ወደሚለው አሳብ መጣ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ከሚቀደስባቸው አባቶች አንዱ የሆነው የቂሳርያው ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት ስለ መርዛማ ዕፅዋት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ይናገራል፤ ለሰው መርዝ የሆነው ተክል ለወፍ ምግብ መሆኑን፣ ሐኪሞችም ከእንዲህ ያሉ ዕፅዋት እንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ማውጣታቸውን ያስረዳል። ባስልዮስ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራ ሰው ነበርና ምሳሌዎቹን ከመጽሐፍ ብቻ የቀዳ አይመስልም።

በሀገር ውስጥ ትምህርትም ተመሳሳይ መሠረት አለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደተሠራ ያስተምራሉ። እሳትና ውሃ ጠላቶች ናቸው፤ ነፋስና መሬት አይመሳሰሉም፤ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው የሚኖሩት ፈጣሪ በጥበቡ ስላስማማቸው ነው። በዚህ ትምህርት ከአራቱ አንዱም ርኩስ አይባልም፤ ጥፋት የሚመጣው አንዱ በሌላው ላይ ሲሰለጥን ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይርቅ መስጊዱ አለ፤ ቁርኣንም በሱረቱ አር-ራሕማን ሰማይን ከፍ ከማድረግ ጋር ሚዛንን አያይዞ ይጠቅሳል፣ ሚዛኑን ማለፍንም ይከለክላል። የአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ሰፉ የሚለው አሳብ አለው፤ ሰው፣ እንስሳ፣ ውሃና ዛፍ ሁሉ እያንዳንዱ የተሰጠው ቦታና ክብር አለው፣ ሰፉን መጣስ ማለት ያንን ድንበር ማለፍ ነው። ሦስቱ በእምነታቸው ቢለያዩም ጥፋትን ከነገሩ ባሕርይ ይልቅ በሥርዓት መፍረስ ውስጥ ይፈልጋሉ።

አውግስጢኖስ ያለው ጉድለት ለካርቦን ሞኖክሳይድ በጣም ይስማማል፤ ጋዙ የሚገድለው ኦክስጅንን በማሳጣት ነውና። ለሴፕሲስ ግን ብቻውን አይበቃም። በሴፕሲስ የሚታየው ትርፍ ነው፤ ሰውነት ለመዳን የሚያስፈልገውን ነገር ከሚያስፈልገው በላይ ሲያመርት ይሞታል። ጉድለት የሚለውን ቃል ማዳን የሚቻለው የጎደለው ሥርዓቱ ነው ከተባለ ብቻ ነው፤ በዚህም ሰፉ የሚለው አሳብ ከአውግስጢኖስ ይልቅ ወደ ነገሩ ይቀርባል። የሰው ገላ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚሠራ ሲታወቅ ይህ ይበልጥ ይገለጣል። ስዊድናዊው ቶርግኒ ሾስትራንድ ይህን ያሳየው በ1949 ነው። ሰው ተመትቶ ገላው ሲበልዝ፣ ብልዙ ከጥቁር ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ከደም የፈሰሰውን ሄሞግሎቢን አንድ ኢንዛይም ስለሚፈታው ነው። ኢንዛይሙ በዚያው ሥራው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ትንሹ መጠን እብጠትን ለማብረድ የሚያግዝ ምልክት ይመስላል። በ2000 የታተመ ጥናት በላብራቶሪ አይጦች ላይ ይህን አሳይቶ ነበር፤ በጤነኛ ሰዎች ላይ በ2005 የወጣ ሙከራ ግን ጥቅሙን አላገኘውም። ያም ሆነ ይህ፣ በከሰል ምድጃ የሚገድለው ጋዝ ለገላ ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ሁሉም በልክ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል? መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው የሚለው አሳብ ከ16ኛው መቶ ዘመን ሐኪም ከፓራሴልሰስ ጀምሮ ይነገራል፤ እውነትነት አለው፣ ግን ያጥራል። ኦክስጅን ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በ1940ዎቹ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ለማዳን ብዙ ኦክስጅን ይሰጥ ነበር፤ ሕፃናቱ ዳኑ፣ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠሩት ዓይናቸው ጠፋ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኦክስጅን ጥፋተኛ መሆኑ ተረጋገጠና መጠኑ በጥብቅ ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓይነ ስውርነቱ ቀንሶ ሞት በዛ። የመጠኑ መስመር በሁለት ገደል መካከል ያለ ጠባብ መንገድ ሆነ፤ የትኛው ገደል ይሻላል የሚለውን ደግሞ የትኛውም መለኪያ አይመልስም። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ማየት የማይችሉ ልጆችን ተቀብሎ ለትውልዶች አስተምሯል። እዚያ የተማሩት ዓይናቸውን ያጡት በሌላ ምክንያት ይሆናል፤ ያም ቢሆን ያለ ዓይን የሚኖር ሕይወት ሙሉ ሕይወት መሆኑን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ኦክስጅኑን ለመቀነስ ሲወስን እጁ ቀስ ይላል። ከመጠኑ ጀርባ ምን ዓይነት ሕይወት ዋጋ አለው የሚል ፍርድ ተቀምጧል፤ ፍርዱን ደግሞ ሐኪም ብቻውን ሊሰጠው አይገባም።

ቦታም እንደ መጠን ይፈርዳል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሯጮች ወደዚህ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራውም በዚሁ ከተማ ነው። እጥረቱ ሯጩን ያጠነክረዋል። ያው እጥረት ሳንባው በሴፕሲስ የተጎዳውን ሰው ያጣድፈዋል፤ የሳንባ ደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያጥር በተፈጥሯቸው ይጠባሉና። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ማለዳ፣ አንዱ በቀጭኑ አየር ለሜዳልያ ሲዘጋጅ ሌላው በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ሄሞግሎቢን ያበዛሉ፣ የቲቤት ሰዎች በዝቅተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ። አንድ ዓይነት እጥረት ሦስት ዓይነት ሥርዓት ወልዷል፤ ሥርዓቱን ሳያውቁ እጥረቱ ጎጂ ነው ወይም ጠቃሚ ነው ማለት ምንም አይናገርም።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በትንፋሽ ሲሰጥ ቆይቶ በድንገት ቢቋረጥ የሳንባ ደም ሥሮች ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ሊጠቡ ይችላሉ፤ ሰውነት የራሱን ምርት ቀንሶ በውጩ ላይ ተደግፎ ስለነበረ ነው። ስለዚህ መጠኑ በትንሽ በትንሹ ይወርዳል። ጋዙን የጀመረ ሐኪም እስኪወርድ ድረስ አብሮ የመቆየት ግዴታ ገብቷል። ይህ የሥነ ምግባር ግዴታ ከጋዙ ባሕርይ የመጣ ነው፤ ሕመምተኛውን በማሽን ላይ አድርጎ ሲሊንደሩ ሲያልቅ ዝም ማለት፣ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ካለመስጠት የከፋ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መርዝነቱ የታወቀን ነገር ለሚሞት ሰው መስጠት ይፈቀዳል? በሴፕሲስ ማሽን ላይ ያለ ሰው ራሱ እሺ ወይም እምቢ ማለት አይችልም፤ ውሳኔው በወንድም፣ በሚስት፣ በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ በኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ለተቀመጠች እናት፣ ልጅሽን ከከሰል የሚወጣውን ጋዝ በጥቂቱ እንስጠው ወይ ብሎ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው። እውነቱን ሳይነግሩ ማስፈረም ደግሞ የባሰ ነው። በ797 ሕሙማን ላይ የተደረገው ያ ሙከራ እንዳሳየው በጎ አሳብ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ ሙከራውን ከጭካኔ የሚለየው ጉዳቱ እንደታየ ለማቆም አስቀድሞ የተደረገው ቃል ኪዳን ነው። ይህ ቃል ኪዳን በተቋም ሕግ ተጽፎ የሚገኝ ቢሆንም ሥሩ እምነት ነው፤ እናቲቱ የምትፈርመው ልጇን የሚመለከተው ሰው ይጠብቀዋል ብላ ነው።

ብዙ አማኞች ከዚህ ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጥርጣሬ አላቸው። ትንፋሽን የሰጠ እግዚአብሔር ከሆነ፣ በማሽንና በጋዝ ትንፋሽ ማስረዘም በእሱ ሥራ መግባት አይደለም ወይ? ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በሌላ በሽታ አጠገብ ኖራበታለች። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ በሚታለፈው በእንጦጦ፣ በጸበል ላይ የነበሩ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ትተውት ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቀኖናዋ የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው ፈጣሪ መሆኑን ያስተምራል። ይህ መልስ ማሽኑንና ጋዙንም ይሸፍናል፤ ፍጥረት ሁሉ ለጥበብ የቀረበ ከሆነ የደም ሥርን የሚያላላ ጋዝም ከእነርሱ አንዱ ነው። የማይሸፍነው ማሽኑ መቼ ይቆም የሚለውን ነው። እዚያ ላይ ሃይማኖቶቹ የሚሰጡት መመሪያ ገና ዝርዝር ይፈልጋል፤ ቤተሰብ ማሽን ላይ ነው ሲባል የሚጠብቀውንና ሐኪሙ የሚያውቀውን የሚያገናኝ ትምህርት በየደብሩና በየመስጊዱ ቢሰጥ ትልቅ ሥራ ነበር።

የእውቀት ጥያቄም አለ። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሄሞግሎቢን የያዘው ኦክስጅን ይሁን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይለይም፤ በከሰል የተመታ ሰው ላይ 98 በመቶ እያለ ሊያታልል ይችላል። እውነቱ የሚገኘው ማታ ቤት ውስጥ ምድጃ ነበር ወይ ብሎ በመጠየቅ ነው። ከተረጋገጠ መፍትሔው ሌላው ጋዝ፣ ኦክስጅን ነው፤ ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ ለመውጣት አራት አምስት ሰዓት ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የፍትሕን ጥያቄ ይጎትታል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ከሚተዳደሩት ከእነዚህ ሦስት ከተሞች በጠና የታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ይባላል፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ መገኘቱም እርግጥ አይደለም። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሀብታም ሀገሮችም ውድ ሕክምና ነው። በሌለበት ለአራስ ሕፃናት የሳንባ ደም ሥር ማስፊያ በአፍ የሚሰጥ ሲልደናፊል ይሞከራል። የቡራዩ ሕፃን ከቦስተን ሕፃን ያነሰ መብት የለውም፤ ስለዚህ ውድ ነው ተብሎ ጥናቱም ሕክምናውም ለሌሎች ይተው ማለት ተቀባይነት የለውም። ግን ቅደም ተከተል አለ። ሴፕሲስ የያዘውን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያድነው በጊዜ የተሰጠ አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽና ተራ ኦክስጅን ነው፤ እነዚህ በሌሉበት ስለ ብርቅዬው ጋዝ መከራከር የሕሙማንን ጊዜ መብላት ይሆናል።

በኢትዮጵያ የትንፋሽ ሕክምና ትልቁ ማስረጃ የመጣውም ከርካሽ ነገር ነው። ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫ ይነሣል፣ ሌላው ጫፉ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ይጠለቃል፤ ውሃው ሲንቦጨቦጭ የሚፈጠረው ግፊት የሕፃኑ የሳንባ ከረጢቶች እንዳይዘጉ ያደርጋል። በባንግላዴሽ የተደረገ ሙከራ በ2015 ውጤቱ ከወጣ በኋላ በ12 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በከባድ የሳንባ ምች ኦክስጅናቸው በወረደ ሕፃናት ላይ ተሞከረ፤ በተራ ቱቦ ኦክስጅን ከተሰጣቸው ይልቅ በዚህ ከታከሙት የሞቱት ያነሱ ነበሩ። በማላዊ ግን በ2019 የታተመ ሙከራ፣ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ዓይነቱ አንድ በሆነ መሣሪያ ከታከሙት ሕፃናት 17 በመቶ፣ በተራ ኦክስጅን ከታከሙት 11 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ጋዙ ያው ኦክስጅን ነው፣ ግፊቱም ያው የውሃ ግፊት ነው። በማላዊው ሆስፒታል ሐኪም በየዕለቱ ሕፃናቱን አይከታተልም ነበር፤ በባንግላዴሽና በኢትዮጵያ ግን ሐኪሞችና ነርሶች ቱቦው ከአፍንጫ መውጣቱን፣ ሆድ በአየር መነፋቱን፣ ሕፃኑ መድከሙን እየተከታተሉ ያስተካክሉ ነበር።